በአዲስ አበባ በኩል ዞሮ

አፄ ምኒልክ ሽቦ ማዘርጋት ሲጀምሩ የሀገሪቱ ኔትወርክ ቅርጽ አንድ ረጅም መስመር ነበር። ሥራው እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ የስልክ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ከዚያ በኋላ ሽቦው ከመናገሻይቱ ወደ ሌሎቹም ማእዘናት እየተቀጠለ ሄደ። ድምፅ በሽቦ ላይ በራቀ ቁጥር ይደክማል። ስለዚህ በየመሀሉ ጣቢያ የተቀመጠ ስልከኛ መልእክቱን በጆሮው ሰምቶ፣ ለሚቀጥለው ጣቢያ በገዛ አፉ ይደግመው ነበር። ዛሬ ሪፒተር የምንለው ዕቃ የሚሠራውን ያኔ ሰው ይሠራው ነበር ማለት ነው። ስልከኛው ጉንፋን ይዞት ከሆነ መልእክቱ እንዴት ሆኖ እንደሚደርስ መገመት ነው።

ሽቦው ወደ ደቡብም ወደ ምዕራብም ይሂድ፣ አንደኛው ጫፉ የታሰረው አዲስ አበባ ነው። ይህን ቅርጽ በወረቀት ላይ የመረጠ መሐንዲስ አልነበረም። ግብር የሚገባው፣ ትእዛዝ የሚወጣው፣ ሹመት የሚሰጠው በአንድ ግቢ ስለነበር ሽቦውም ወደዚያው ግቢ ሄደ። የኔትወርክ መማሪያ መጻሕፍት «የኮከብ ቅርጽ» የሚሉት ይህንኑ ነው፤ መሀል ላይ አንድ ማዕከል፣ ከማዕከሉ ወደየአቅጣጫው የሚወጡ ጨረሮች። አንዱ ጨረር ቢበጠስ ሌሎቹ ደህና ናቸው። ማዕከሉ ከታመመ ግን ሁሉም ይታመማሉ።

በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ሲቋቋም የከተማው ስልክም በዚሁ መልክ አደገ። ከእያንዳንዱ ቤት ሁለት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ይወጣል፤ ቴሌዎች «ፔር» ይሉታል። ፔሩ ምሰሶው ላይ ዲፒ ወደምትባለው ማከፋፈያ ሣጥን ይገባል፣ ከዲፒው ጎዳና ዳር ወደቆመው ካቢኔት፣ ከካቢኔቱ ወደ ማዞሪያ ጣቢያው። ኮከብ በኮከብ ላይ ተንጠልጥሎ ማለት ነው። አሻራው እስከ ዛሬ በስልክ ቁጥራችን ላይ አለ። አንድ የቢሮ ስልክ በ0116 ከጀመረ የምሥራቅ አዲስ አበባ ነው፤ ቦሌ፣ ገርጂ፣ መገናኛ። የቁጥሩ መጀመሪያ የሰውየውን ፔር የትኛው ማዞሪያ እንደያዘው ይናገራል።

ቦሌ ግን በስልክ አይደለም ማዕከል የሆነችው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተመሥርቶ፣ መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ የሚነሣው ከልደታ ነበር። ያኔ የነበሩት የዳግላስ አውሮፕላኖች ለልደታ ሜዳ አይከብዱም። ቦይንግ 720 የተባለው ጄት ሲታዘዝ ግን የልደታ መንደርደሪያ አጠረ። አዲሱ መንደርደሪያና የመቆጣጠሪያ ማማ ከከተማው ምሥራቃዊ ዳር፣ ቦሌ ላይ ተሠርቶ በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ለሥራ ደረሰ።

ስለ ኮምፒውተር ኔትወርክ እያወሩ አውሮፕላን ምን አመጣው የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገሠኝ። የሀገር ውስጥ በረራ በዚያ ዘመን እንደ አውቶቡስ ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄደው አውሮፕላን ባሕር ዳር ያርፋል፣ ጎንደር ያርፋል፣ ላሊበላ ያርፋል፣ አክሱም ይደርሳል። አንዱ ሜዳ በዝናብ ከጨቀየ ከዚያ ወዲያ ያለው መንገደኛ ሁሉ ይጉላላል። የኔትወርክ ሰዎችም ይህን ቅርጽ «ባስ» ይሉታል፤ አንድ ግንድ ገመድ፣ ሁሉም በየተራው የተንጠለጠለበት። አየር መንገዱ ወደ ውጭ ሲበር ግን ሌላ ሆነ። ከሎሜ ወደ ቤይጂንግ፣ ከሉሳካ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደውን ሁሉ ቦሌ ላይ አወረደውና እንደገና አሳፈረው። 20 ከተሞችን ሁሉንም እርስ በርስ በቀጥታ ለማገናኘት 190 መስመር ያስፈልጋል። በማዕከል በኩል ከሆነ ግን 20 ይበቃል። ቦሌን ቦሌ ያደረጋት ይህ ሒሳብ ነው።

ቦሌ ሥራ በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ ፖል ባራን የተባለ በአሜሪካው ራንድ ተቋም የሚሠራ መሐንዲስ ሦስት ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀመጠ። የመጀመሪያው ሁሉም ነጥብ ወደ አንድ ማዕከል የተሳሰረበት ኮከብ ነው። ሁለተኛው ትንንሽ ኮከቦች የተያያዙበት። ሦስተኛው እንደ ዓሣ መረብ፣ እያንዳንዱ ነጥብ ከብዙ ጎረቤቶቹ ጋር የታሰረበት ነው። የባራን ጭንቀት የኑክሌር ጦርነት ነበር፤ ጠላት ማዕከሉን ቢመታው ምን ይተርፋል? በመጀመሪያው ሥዕል ላይ መልሱ «ምንም» ነው።

ለቢሮ ኮምፒውተሮች ግን የተፈለገው ርካሽነት ነበር። ሮበርት ሜትካልፍ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1973 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል የኤተርኔትን ሐሳብ በጻፈው ማስታወሻ ላይ ያሰበው አንድ የጋራ ገመድ ነው። ከዓመታት በኋላ ኮምፒውተር ያላቸው የአዲስ አበባ ድርጅቶች የሚያውቁት ቀጭኑ ኮአክሲያል ይህንኑ ቅርጽ የወረሰ ነው። ከቴሌቪዥን አንቴና ገመድ የሚመሳሰል ጥቁር ገመድ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዞራል፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተር በቲ ቅርጽ መጋጠሚያ ይሰካበታል። ጫፍና ጫፉ ላይ 50 ኦም የሆነች ትንሽ ማቆሚያ ቆብ ትደረጋለች። ቆቧ ከወለቀች ምልክቱ ጫፍ ደርሶ ይመለስና ከሚመጣው ጋር ይላተማል፤ ቢሮው በሙሉ ፀጥ ይላል። ገመዱ እስከ 185 ሜትር ሊሄድ፣ 30 ማሽን ሊሸከም ይችላል። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ አንዱን መጋጠሚያ ሲነካው ግን 30ውም ይወድቃል። የቱ ጋ እንደተነካ ለማወቅ ከጠረጴዛ ሥር ተንበርክኮ መዳሰስ ነው። አይቢኤም በበኩሉ ቀለበት ይዞ መጣ። ምልክት ያዥ የሆነች «ቶከን» ከማሽን ማሽን ትዞራለች፣ እሷን የያዘ ብቻ ይናገራል። ሥርዓት ያለው ነገር ነበር፤ እንደ እድር ስብሰባ በየተራ። ዋጋው ግን ከኤተርኔት ከፍ ያለ ስለነበር ገበያው ወደ ርካሹ ሄደ።

ከውጭው ዓለም ጋር የተገናኘንበት የመጀመሪያው የኮምፒውተር ደብዳቤም ኮከብ ነበር፤ ያውም የስልክ ኮከብ። በ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ያለው ፓዲስ የተባለ የመረጃ ክፍል ፊዶኔት በሚባለው ዘዴ የኢሜይል ጣቢያ አቆመ። ሞደም ያለው ሰው ወደ ጣቢያው ይደውላል፣ ደብዳቤውን ያስረክባል፣ የመጣለትን ይቀበላል፣ ስልኩን ይዘጋል። ጣቢያው ደግሞ የተሰበሰበውን ይዞ በዓለም አቀፍ ስልክ ለንደን ይደውልና ይለዋወጣል። መልስ በማግስቱ ከመጣ ተመስገን ነው። ፖስታ ቤት ነው ብትሉ ትክክል ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1995 ዶክተር ዳዊት በቀለና ጓደኞቻቸው ኢንተርኔትን ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የሚወተውት ቡድን አቋቋሙ። በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት በቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል ተከፈተ፤ አንድ አቅራቢ፣ አንድ በር።

እዚህ ላይ ቦሌ መንገድ ደመቀ። ከመስቀል አደባባይ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ከዚያም ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም፣ ወደ ገርጂ፣ የኢንተርኔት ካፌ ማስታወቂያ ያልተለጠፈበት ሕንፃ ማግኘት ከባድ ሆነ። የካፌው ሀብት አንድ የስልክ መስመር ነው፤ ስምንትም አሥርም ኮምፒውተር የሚካፈለው። ያካፈለችው ደግሞ ሃብ የምትባል ሣጥን ነች። እ.ኤ.አ. በ1990 ኤተርኔት በተጠማዘዘ የስልክ ዓይነት ሽቦ እንዲሄድ ደረጃ ወጥቶለት ስለነበር፣ ጥቁሩ ኮአክሲያል ቀርቶ ከእያንዳንዱ ማሽን አንድ ሰማያዊ ወይም ግራጫ ገመድ ወደ ሣጥኗ ይሄድ ጀመር። እስከ 100 ሜትር ድረስ። ገመዱን የሚሠሩት ልጆች ቀለሙን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ነው የሚወጡት፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ስምንቱን በጥፍራቸው አቃንተው፣ በመቀስ አስተካክለው፣ ጫፉ ላይ ያለችው ፕላስቲክ ውስጥ ከተው በክሪምፐር ጭብጥ ያደርጓታል። ቀጭ ስትል ሥራው አለቀ።

ሃብ በውጭ ስትታይ ኮከብ ናት፤ በውስጧ ግን ያው የድሮው ባስ ነው። ከአንዱ የሰማችውን ለሁሉም ትጮኸዋለች። የሚመለከተው ይሰማል፣ የማይመለከተው ጆሮውን ይደፍናል፤ ሁለቱ አብረው ከተናገሩ ሁለቱም ይደግማሉ። በኋላ የመጣችው ስዊች ግን የድሮዋን የማዞሪያ ሠራተኛ ትመስላለች። ማን በየትኛው ቀዳዳ እንደተቀመጠ ታውቃለች፣ የእገሌን ለእገሌ ብቻ ትሰጣለች። ያለ ስህተት አይደለም ታዲያ።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ የማዘወትረው አንድ ካፌ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉም ማሽን በአንድ ጊዜ ቆመ። ባለቤቷ ቴሌን ረገመች፤ ሁላችንም አብረን ረገምን። ሞደሙ ጠፍቶ በራ፤ ለውጥ የለም። የተጠራው ቴክኒሺያን መጥቶ ከባንኮኒው ሥር ወዳለችው ስዊች ጎንበስ ሲል ሳቀ። መብራቶቿ በሙሉ እኩል፣ ያለ ዕረፍት፣ እንደ ሠርግ ቤት አምፖል ይርገበገባሉ። ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀለ ስምንተኛው ላይ ሲደርስ መብራቱ ሰከነ። ገመዱን በእጁ ተከተለው፤ በግድግዳው ሥር ዞሮ ወደዚያችው ስዊች ሌላ ቀዳዳ ይመለሳል። ቅድም ወለል ሲወለውል የነበረው ልጅ ወድቆ ያገኘውን የገመድ ጫፍ፣ «ቦታው ይሆናል» ብሎ ክፍት ባገኘው ቀዳዳ ሰክቶታል። ስዊቿ ለሁሉም የላከችው መልእክት በአንዱ በር ወጥቶ በሌላው ይገባባታል፣ እንደገና ለሁሉም ትልከዋለች፣ እንደገና ይመለሳል። በዓለም ላይ ለዚህ መድኃኒት ከተገኘ ያኔ 20 ዓመት አልፎታል፤ ራዲያ ፐርልማን የተባለች መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1985 ስዊቾች እርስ በርስ ተነጋግረው ትርፍ መንገዱን የሚዘጉበትን ዘዴ ቀምራለች። ለካፌ የሚገዛው ርካሽ ስዊች ግን ያ ዘዴ የለውም። ባለቤቷ ቴሌን ይቅርታ አልጠየቀችም፤ እኛም አልጠየቅንም።

እኛ ቦሌ ላይ በደቂቃ እየከፈልን ስንጫወት፣ መንግሥት ወረዳኔት የተባለውን ትልቁን ኮከብ ይዘረጋ ነበር። ከ500 በላይ ወረዳዎች ላይ የሳተላይት ሳህን ተተከለ፤ የሁሉም ማዕከል አዲስ አበባ ነው። የኮከቡ ርካሽነት እዚህ በደንብ ይታያል። ማዕከሉ ላይ ትልቁና ውዱ ሳህን አንድ ብቻ ከተተከለ ለወረዳዎቹ ትንሹ ይበቃቸዋል። ለስብሰባና በትምህርት ቤቶች ለታየው የፕላዝማ ትምህርት ቅርጹ ልክ ነው፤ አንድ ይናገራል፣ ሁሉም ያዳምጣል። ሁለት ወረዳዎች እርስ በርስ ሊነጋገሩ ሲፈልጉ ግን ነገሩ ይከፋል። ባሶና ወራናና አንጎለላና ጠራ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ወሰን ይጋራሉ። በእንዲህ ያለ ኔትወርክ ግን የአንዱ ድምፅ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሳተላይት ይወጣል፣ ወደ አዲስ አበባ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል፣ ወደ ጎረቤቱ ይወርዳል። ሲደመር 144,000 ኪሎ ሜትር ነው። ብርሃን እንኳ ለዚህ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። «ሰላም ናችሁ?» ብሎ መልስ ለመስማት አንድ ሰከንድ። አቤቱታ ያላት የወረዳ ሴት ጉዳይዋ «አዲስ አበባ ሄዷል» ስትባል የምታውቀውን መንገድ፣ ድምፁም ሄደው።

መፍትሔው ከሰማይ ወደ መሬት መውረድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር በ1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ ከዜድቲኢና ከሁዋዌ ጋር በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ስምምነት ተደረገ፤ በመሀሉ፣ ኅዳር 20 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ ኢትዮ ቴሌኮም ተወለደ። ፋይበሩ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሱዳንና ወደ ኬንያ ወጣ። የግንዱ ፋይበር ጥሩ ቅርጽ ቀለበት ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። ቀለበት መንገድ ቦሌ ላይ ቢዘጋ፣ መገናኛ የሚሄድ ሾፌር ዞሮ በወዲያኛው በኩል ለመምጣት ይሞክራል። ሾፌሩ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል፤ በደንብ የተሠራ የፋይበር ቀለበት ግን አንድ ጎኑ ሲቆረጥ በ50 ሚሊ ሰከንድ ውስጥ ፊቱን አዙሮ በሌላው ጎን ይሄዳል። ደንበኛው ሳያውቅ።

ባንኮቹም በዚያው ዘመን ቅርንጫፎቻቸውን በአንድ ማዕከል ላይ ሰቀሉ። «ሲስተም የለም» የሚለው ዓረፍተ ነገር ወደ አማርኛ የገባው በዚህ ጊዜ ነው ብል ብዙ አልሳሳትም። አንድ ባንክ ውስጥ ኮከብ ነበር፤ በባንክና በባንክ መካከል ግን ምንም አልነበረም። የአንዱን ካርድ የሌላው ኤቲኤም አያውቀውም። አዋሽ፣ ንብና ኅብረት ባንክ እ.ኤ.አ. በ2009 በፕሪሚየር ስዊች ሶሉሽንስ በኩል ለመያያዝ ተስማሙ፤ በግንቦት 2008 ዓ.ም. ደግሞ ኢትስዊች የሁሉም ባንክ ማዕከል ሆኖ ሥራ ጀመረ። ሒሳቡ የቦሌው ሒሳብ ነው፤ 18 ባንኮች ሁለት ሁለት ሆነው በቀጥታ ቢያያዙ 153 ግንኙነት፣ በመሀል አገናኝ ከሆነ 18።

የኢንተርኔቱ ማዕከል ግን አንድ እንደሆነ ብዙ ቆየ፤ ዋጋውንም አየን። እ.ኤ.አ. በ2017 በብሔራዊ ፈተና ወቅት፣ በሰኔ 2019፣ ከዚያም ከሰኔ 30 ቀን 2020 ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ጠፋ። እነዚህ ብልሽት አልነበሩም፣ ማዕከሉ ተዘግቶ ነው። ባራን የፈራው ቦምብ ነበር። ቁልፍ ብቻ እንደሚበቃ ለማየት ወደ አዲስ አበባ መምጣት ነበረበት።

የሚገርመው፣ በኮከብ የከበረው አየር መንገድ ራሱ አንድ ማዕከል እንደማይበቃ ከቴሌ ቀድሞ አወቀ። ታኅሣሥ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. ስታር አሊያንስ የተባለውን የአየር መንገዶች ማኅበር ከመቀላቀሉ በፊት፣ አስካይ ከተባለው አየር መንገድ ጋር በሎሜ ሁለተኛ ማዕከል አቁሟል፤ በኋላም በማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ሦስተኛ። የባራን ሁለተኛ ሥዕል ማለት ይህ ነው። ቦሌ ራሷም ሞልታ፣ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ሌላ ትልቅ አውሮፕላን ማረፊያ ታቀደ።

መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም በአዲስ አበባ አገልግሎት ሲከፍት የቴሌኮሙም ኮከብ ሁለት ሆነ። በእነዚያ ዓመታት ከቦሌ በስተምሥራቅ፣ ጎሮ በሚገኘው የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ ራክሲዮና ዊንጉን የመሳሰሉ የግል ዳታ ማዕከሎች በር ከፈቱ። ቀጥሎ የከተማዋን ጎዳናዎች የሚያድሰው ኮሪደር ልማት መጣ፤ ከቦሌ ኤርፖርት መገናኛ ያለው ጎዳና ሲቆፈር ገመዱ ከምሰሶ እየወረደ ወደ መሬት ገባ። ያን ሰሞን ኤክስካቫተር የሚነዳ ሰው ከማንኛውም መሐንዲስ በላይ የሰፈሩን ኔትወርክ ቅርጽ ያውቅ ነበር። ባልዲው በገባ ቁጥር የት የት እንደሚጨልም ስለሚያይ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ቢሮህ ወይም ሱቅህ ቦሌ፣ ገርጂ ወይም ሰሚት ሆኖ «አንዱ ቢጠፋ ሌላው አለ» ብለህ ከሁለተኛ ኩባንያ መስመር ስታስገባ፣ ገመዱን የሚጎትተውን ልጅ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቀው፦ ሁለቱ ገመዶች የሚመጡት በአንድ ጉድጓድ ነው ወይስ በሁለት? በአንድ ከሆነ ያስገባኸው መስመር አንድ ነው፤ ሒሳቡ ብቻ ነው ሁለት።